«በቃ» ያለችኝ ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ዮጋ መማሬን እንኳን ነግሬያቸው ተቆጥተውኛል። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚያ ይሆናል የምነግራችሁ። ፈሪ ነኝ፣ መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ።

ሮማን አብሮ አደጌ ናት። ካዛንቺስ፣ እኛ ቤት አጠገብ፣ ትንሽ የሴቶች ጸጉር ቤት ነበራት። ሹሩባ ስትሠራ ጣቶቿን ማየት ብቻ ያስደስት ነበር፤ ሙሽራ ከሰንጋ ተራም ከኡራኤልም እሷን ብላ ትመጣለች። ከአፏ ደግሞ «በቃ» አትጠፋም። «በቃ ምን ልበልሽ፣ ሙሽራዋ ዘገየች፣ በቃ እናትየዋ አበደች፣ በቃ!» ትላለች። «አንቺ፣ ይቺ ቃል ባትኖር ዲዳ ነበርሽ እኮ» እያልኩ እስቅባት ነበር።

እኔ ያኔ የቢሮ ሥራዬን ትቼ የጀማሪዎች ዮጋ አስተማሪ ለመሆን እሠለጥን ነበር፣ ኡራኤል አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ። ቤት ውስጥ መሳቂያ ሆኛለሁ። ወንድሜ «ለመንጠራራትም ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ?» ይለኛል። እልህ ያዘኝ፤ ወድቄ ልመለስና ሊስቁብኝ? ሞቼ ነው ቆሜ! አሠልጣኛችን ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይደጋግሙልን ነበር፦ «ጀማሪን አትጎትቱ። ‹በቃ› ሲላችሁ እጃችሁን አንሡ።» ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ለመጨረሻው ፈተና እያንዳንዳችን ዮጋ ነክቶ የማያውቅ ሰው ይዘን መጥተን እሳቸው ፊት ማስተማር ነበረብን። ሮማንን ለመንኳት። ቅዳሜ ነው፣ ደንበኛ የሚጎርፍበት ቀን፣ እሷ ግን ዘግታ መጣች። «በቃ ለአንቺ ካልሆነ ለማን ልለጠጥ!» እያለች እየሳቀች ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

አተነፋፈሱም ጎንበስ ማለቱም ደህና ሄደ። መጨረሻ ላይ አንዱ እጅ ከትከሻ በላይ፣ ሌላው ከታች ወደ ጀርባ ዞሮ ጣቶች መሀል ላይ የሚገናኙበት አቀማመጥ ቀረ። የሮማን ጣቶች አልተገናኙም። ቀኑን ሙሉ የጸጉር ማድረቂያ ፎን ይዛ የምትቆምበት ትከሻ እንጨት ሆኗል። ፎጣ ሰጥቻት ጫፍና ጫፉን ብትይዝ ያልፍ ነበር፤ እንደዚያ ነው የተማርነው፣ ፎጣውም አጠገቤ ነበር። ግን ከጎናችን ያለችው ሴት ጣቶቿን አገናኝታለች፤ አሠልጣኛችንም ወደ እኛ እየመጡ ነው። የሮማንን ክርን ያዝኩና ገፋሁ። «በቃ» አለች። ገፋሁ። «በቃ… በቃ…» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። «አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ! ደግሜ ገፋሁ፤ ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር ሲላቀቅ በእጄ ተሰማኝ።

አሠልጣኛችን በጩኸቷ ሮጠው ደረሱ። «በቃ አላለችሽም?» አሉኝ። እኔስ፣ እጄ ገና ክርኗ ላይ እያለ፣ ምን ብዬ መለስኩ? «የአፍ ልማዷ ነው፤ ሁልጊዜ የምትላት ቃል ናት» አልኩ። ሮማን ፊቷ አመድ መስሎ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እንባዋን እየዋጠች፣ «እውነቷን ነው፤ እኔ እኮ… በቃ ሁሌ ነው የምለው» አለች። ልታድነኝ ብላ ነው። እኔም ፈተናውን አለፍኩ።

ልማድ? ያቺን ልጅ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻታለሁ። ስትስቅ የምትለውን አውቃለሁ፣ ወሬ ስትቀጥል የምትለውንም አውቃለሁ። የዚያን ቀኑ ሌላ ነበር። ከአፏ ሰምቼው የማላውቀው ነበር፤ ለዚህም ነው ወዲያው የገባኝ። ገብቶኝ ነው የገፋሁት። ገብቶኝ ነው የዋሸሁት።

ትከሻዋን ወጌሻም ሐኪምም አየው፤ አልዳነም። እጇ ከጆሮዋ በላይ አይወጣም፣ ሹሩባ ደግሞ ዝቅ ባለ እጅ አይሠራም። ጸጉር ቤቱን ዘጋች። ጥቂት ቆይቶ ሰፈራችን ለልማት ፈረሰና ሁላችንም ተበታተንን፤ እሷም ከተማው ዳር እህቷ ዘንድ ገባች። ማለቴ፣ አሁን ሰው ሁሉ ሮማን ሥራ ያቆመችው ቤቱ ስለፈረሰ ይመስለዋል። ጎረቤቶቻችን ሲያዝኑላት መሀላቸው ተቀምጬ «አዎ፣ መፍረሱ ነው የጎዳት» ብያለሁ። በዚህ አፌ!

ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ጀማሪዎች «አንቺ ጥሩ ነሽ፣ አትጎትቺም» ብለው ይመርቁኛል።

በየበዓሉ እደውልላታለሁ። ባለፈው ፋሲካ ስናወራ የሆነ ነገር ጎድሎብኝ ግራ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝኩትም። «ትከሻሽ እንዴት ነው?» ስላት ልቅሶዬ መጣ። «ተይ እንግዲህ!» አለችኝ፣ እንደ እናት። «አንቺ በምን ታውቂ? ጥፋቱ የእኔ አፍ ነው። ያቺን ቃል ትቻታለሁ እኮ፤ ልጄንም አትበይ ብዬ እቆጣታለሁ።»

ያኔ ነው የጎደለው የገባኝ። ያን ሁሉ ስታወራኝ አንድ ጊዜ እንኳን አላለችውም። ትከሻዋን ወስጄ ሳያንሰኝ ቃሏንም ወስጃለሁ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ «መልካም በዓል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተ ትከሻ አይደለም። እሷን የምለምንበት አፍ እስኪኖረኝ ድረስ ግን እዚህ ልበለው፦ ሮማን፣ ሰምቼሽ ነበር።