ለጊዜው የተከፈተ በር

«ለጊዜው» የምትለዋን ቃል እጠላታለሁ። አዳማ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ሶፍትዌር ከሚሠሩት አንዱ ነኝና ጣጣዋን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ሥራውን ስንጀምር ንድፉን ሰሌዳ ላይ የሣልኩት እኔ ነበርኩ። ሕጉ አንድ ነው፤ ትኬት ከየትኛውም ከተማ ይቆረጥ፣ በአንድ በር ያልፋል። በሩ «ይህ ወንበር ተይዟል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተያዘ ብቻ ይመዘግባል። ሁሉም ተስማማ። ከዚያ የዱከም ኔትወርክ ተንቀራፈፈ፣ የትኬት መስኮቱ ላይ የተሰለፈው ሰው ተንጫጫ፣ ባልደረባዬም ዱከም በበሩ ሳታልፍ በጓሮ ገብታ እንድትመዘግብ አደረገ።

«ለጊዜው ነው ባክህ፣ አታካብድ» አለኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ብወተውት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በየስብሰባው አነሳሁት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሰሌዳው ላይ ያለው ሌላ፣ የሚሠራው ፕሮግራም ሌላ። አለቃችን ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያስጎበኘው ሰሌዳውን ነው!

በዚህ መሀል አጎቴ አሰላ ላይ አረፈ። ከዱከም ተነስቶ በአዳማ በኩል አሰላ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶ ስለነበር፣ እናቴ ለቀብሩ ትቅደም፣ እኔ እደርሳለሁ ብዬ ቆረጥኩላት። አውቶቡሱ ሲመጣ ወንበሯ ላይ ከዱከም የተሳፈረች፣ ሕፃን የታቀፈች የፋብሪካ ሠራተኛ ተቀምጣለች። ትኬቷ ላይ ያለው ያው ቁጥር ነው። ልትነሳ ስትል እናቴ ራሷ ከለከለቻት።

«ሀርሜ፣ እናቴ፣ ምን ላድርግ? ሲስተሙ ነው» አላት ረዳቱ።

ሲስተሙ! ሚኒባስ እስኪሞላ ከእናቴ ጋር መናኸሪያ ቆምኩ። አሰላ ስንደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። እናቴ ወንድሟን ሳትቀብር ቀረች።

አዳማ ከተመለስን በኋላ ባልደረባዬ ለቅሶ ሊደርስ ቤታችን መጣ። እናቴ አብረን እንደምንሠራ ታውቃለች።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው እንዴት ይሸጣል?» አለችው።

ዞሮ እኔን አየኝ። እንኳን ላድነው፣ ቀና ብዬም አላየሁት።

«ለጊዜው ነው እማማ፣ ይስተካከላል።»

«ወንድሜ ግን ለጊዜው አይደለም የሞተው» አለች እናቴ።