ያልቀየርኩት ውሃ

ባለፈው ሳምንት ከመካኒሳ ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ ናፍጣ ሊቀዳ ሰልፍ ገባና እዚያው ቆምን። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ ይወጣል ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ አሉ። ሹፌሩ ሳቀባቸው። እኔ ግን ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው መሃል መናገር ስለማይሆንልኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሀና ማርያም ሰፈር አረቄ እያወጣች ነበር የምታሳድገኝ። እኔም ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እሷን እረዳ ነበር። ማሰሮውና እንፋሎቱ የሚያልፍበት መቃ የሚገጥሙበትን በጭቃ እደፍናለሁ። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ አረቄ የሚሆንበት ዕቃ ውሃ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ውሃው ሞቅ ሲል ደፍቼ በቀዝቃዛ እቀይራለሁ። ካልተቀየረ አረቄው በኖ ይጠፋል። ጊዜውን ለማወቅ እጄን ብቻ ነከር ማድረግ ይበቃኝ ነበር። በሕይወቴ አሳምሬ የማውቀው ነገር ይሄው ነበር።

ሄኖክ ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ስሠራ ቆሞ አየኝና፣ “ብርቄ፣ አንቺ እኮ ሳታውቂው ኬሚስት ነሽ” አለኝ። ያቺን ቃል ይዤ ስንት ቀን ሰነበትኩ።

መስከረም ላይ ከአገሩ አንድ ጆንያ የድንጋይ ከሰል ይዞ መጣ። መምህሩ፣ ከዚህ አንድ ጠርሙስ ዘይት አውጥተህ ካሳየኸኝ የቤተ ሙከራ ረዳት አደርግሃለሁ ብሎታል። ዋናው ሥራ ከሰሉን ወደ ጋዝ፣ ጋዙን ደግሞ ወደ ቤንዚንና ናፍጣ መቀየር ነው፣ ለዚያ ግን ትልቅ ፋብሪካ ያስፈልጋል ብሎ ሄኖክ አስረዳኝ። እኛ የምንችለው ከሰሉን አየር በማያስገባ ብረት ውስጥ አግለን፣ የሚወጣውን ጭስ አቀዝቅዘን ዘይቱን ማጠራቀም ነው። ያው እንደ አረቄው። እናቴ፣ “ድንጋይ ቀቅሎ የሰከረ ሰው አላየንም” ብላ ሳቀችበት፣ ምድጃዋን ግን ፈቀደችለት።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራውን ልንጀምር ስንል የኮሌጅ የክፍል ጓደኛው ሳምራዊት መጣች። የሰፈራችንን ጭቃ በነጭ ጫማ ተሻግራ ጫማዋ አልቆሸሸም። እሸት በቆሎ ጠብሼ ሰጠኋቸው። እየፈለፈሉ፣ እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ። ሄኖክ ለእኔ ሲያስረዳ ቃል እየፈለገ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር። ለእሷ ግን ግማሹን ሲናገር ግማሹን ራሷ ትጨርስለታለች። ከነጭ ጫማዋ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

እሳቱ ሲያያዝ ሄኖክ ሥራ አከፋፈለን። “ሳሚ፣ ውሃውን እያየሽ ሲሞቅ ንገሪያት። ብርቄ ትቀይረዋለች” አለ።

ትንገረኝ? ለእኔ?

በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። የቀለጠ አስፋልት የመሰለ ሽታ ግቢውን ሞላው። እነሱ ደብተር ላይ ጎንበስ ብለው ይሳሳቃሉ። እጄን ውሃው ውስጥ ነከር አደረግሁ፤ ሞቋል። ቀና ስል ሳምራዊት እያየችኝ ነበር፣ ግን ወዲያው ወደ ደብተሩ ተመለሰች። እኔም ትንገረኝ ብዬ አልተነሳሁም። ቆይቼ ደግሜ ነከርኩት፤ ያቃጥላል። አሁንም አልተነሳሁም።

ሄኖክ በመጨረሻ ዕቃውን ሲከፍተው ውስጡ የብርጭቆ ቂጥ የማይሸፍን ጥቁር ዘይት ብቻ ነበር። ጥጥ ነክሮ ለኮሰው፤ ነደደ። ከሰሉ ግን አልቋል። ውሃውን ሲነካው እጁን መነጨቀ።

“ማነው ይሄን ዝም ብሎ ያየው?”

ሳምራዊት የረጠቡትን ጣቶቼን አየች።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለች። “ንገሪያት ብለኸኝ አልነገርኳትም።”

መምህሩ በዚያች ዘይት አልረካም፣ ቦታውን ለሌላ ተማሪ ሰጠው። ሄኖክ ሳምራዊትን አኮረፋት። ሳምንት ሙሉ ስሟን ሲጠራ አልሰማሁም፤ ለመናገር ቢያሳፍረኝም ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ክፍሉን ለቆ ሄደ። እኔም እውነቱን ሳልነግረው ቀረሁ።

አሁን ሄኖክን ባገኘው እንኳ ሰላም ብዬው የማልፍ ይመስለኛል። በሳምራዊት ግን እስከ ዛሬ እቀናለሁ። በትምህርቷም በእንግሊዝኛዋም አይደለም። ያቺን “ጥፋቱ የኔ ነው” የምትለውን ቃል ስትናገር ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ያቺ ቃል የእኔ ነበረች፤ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። እሷ ወሰደችብኝ፣ እኔም ዝም ብዬ ሰጠኋት።