ጥናቱ እስከ የት ድረስ ነው?

የጥናት ዓላማና ወሰን ማስረዳት ለሌላው ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሆድ ቁርጠት ነው። አሁንም ስብሰባ ላይ አንዱ ወጣት ተነሥቶ «የዚህ ጥናት ወሰን…» ብሎ ሲጀምር እግሬ ከወንበሩ ሥር ይርዳል። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ የዚያን እሑድ ፎገራ ላይ አልነበሩም።

ያኔ ወረታ ከተማ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር መጥቶ ወጣት የተባለ ሁሉ ከገበያ፣ ከእርሻ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር የሚታፈስበት ጊዜ ነው። እናቶች ወንድ ልጃቸውን ሲጠሩ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። የእኛ ደብር ወጣቶች መሸሸጊያ ረግረጉ ነበር። ክረምት ላይ ውሃው ሜዳውን ይውጠዋል፤ ጥቅምት ካለፈ በኋላ ወደ ጣና እየሸሸ ሲሄድ ለምለም ሣር ትቶ ይሄዳል፤ ከብቱም ሣሩን ተከትሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ከከብቱ ጋር ልጆቹም ወርደው ደንገል በሚሉት ረጅም የሐይቅ ዳር ቄጠማ ውስጥ ተደብቀው ይሰነብታሉ። ታናሽ ወንድሜ ከእነሱ አንዱ ነበር። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም።

በዚያው ሰሞን ከሌላ ክፍለ ሀገር አንድ የእንስሳት ሐኪም መጣ። ውሃው ከሸሸ በኋላ ከብቱ ለምን እንደሚከሳ፣ መንጋጭላው ሥር ለምን እንደሚያብጥ፣ ላሟ ለምን እንደምትጨነግፍ ሊያጠና ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። የጉበት ትል መሆኑን ጠርጥሯል፤ ትሉም የሚመጣው ከረግረጉ ሣር ነው ባይ ነው። ስለዚህ ከብቱን በመንደሩም፣ በደረቁ ሜዳም፣ በረግረጉም ማየት ፈለገ። ይህንን ለገበሬው የማስረዳት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። «የቄሱ ልጅ ነሽ፣ አንቺን ያምኑሻል» ተባልኩ። ሐኪሙ ወደ ረግረጉ ሲወርድ ወጣቱን የሚያሳፍሰው የወረዳው ካድሬ አብሮ እንደሚወርድ የነገረኝ አልነበረም። መንገርም አያስፈልግም፤ ያኔ ያለ ጠመንጃ የሚሄድ የመንግሥት ሥራ አልነበረም።

«ዶክተር፣ ረግረጉን ለዘንድሮ ብንተወውስ?» አልኩት አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለን።

«በሽታው ያለው እዚያ አይደል እንዴ?» አለኝ ግራ ገብቶት።

ምክንያቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሐኪሙ ደግ ሰው ይመስል ነበር። ግን ያን ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ደግ የሚመስለው ሰው ነበር።

ስብሰባው በጾመ ነቢያት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። አባቴ ቀድሰው ሲወጡ ክንዴን ይዘው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዱኝ።

«ወንድምሽን ወባ ጥሎታል» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቁሞ መሄድ አቅቶታል። እህልም አልቀምስ ብሏል።»

«ወተትስ አይጠጣም? ላማችን እኮ እዚያው አጠገቡ ናት።»

«ጾም ነው ብሎ እምቢ አለ። እኔው ፈቅጀልሃለሁ፣ ጠጣ ብየ ላክሁበት። የቄስ ልጅ ሁኜ እንዴት ይሆናል ብሎ መለሰልኝ!» ፊታቸው ላይ ኩራትም ንዴትም አየሁ። «በባዶ ሆዱ ያ በሽታ አይለቀውም። አንች ብቻ ሰዎቹን ወደዚያ እንዳታመጭብኝ።»

ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ካድሬው ወንበር ላይ፣ ሐኪሙ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋደመ ሚሊሻ አለ፤ የአገራችን ሰው ነው፣ እርሻው ከእርሻችን ይዋሰናል። ተነሥቼ ዓላማውን አስረዳሁ። ከብቱ ለምን እንደሚከሳ፣ ምን ቢደረግ እንደሚድን ተናገርኩ። ድምፄ ሌላ ሰው የሚናገር ያህል ራቀብኝ። ሰዉ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ስለ ከብቱ ግን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በተቀመጡበት እጃቸውን አነሡ። የእሳቸውም ልጅ ረግረጉ ውስጥ ነበር።

«እንደው ልጄ፣ ይኸ ጥናት የምትሉት ነገር እስከ የት ድረስ ነው?»

የሰዉ ዓይን በሙሉ አፌ ላይ ዐረፈ። ወንድሜ እዚያ ደንገሉ ሥር ተኝቶ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ።

«እስከ ደረቁ ሜዳ ነው» አልኩ። «ረግረጉን አይጨምርም። ከብቱን ወደ መንደር ሲመጣ እናየዋለን።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ቢተነፍስ አለቀልኝ። እሱ ግን አጎንብሶ ጫማውን ማየት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! የእኛ ሰው ግን ደስታውን ዋጥ ማድረግ አያውቅም። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር። «ከፍ ከፍ በይ ልጄ! ክፉ አይንካሽ! የያዝሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም!» ሰዉም ብድግ ብሎ «አሜን! አሜን!» ይላል። መፈክር ሲባል እጁን በግድ የሚያነሣ ሰው ነው እንግዲህ። ይባስ ብሎ ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ በሆዴ «ዝም በሉ፣ ኧረ በማርያም ዝም በሉ» እላለሁ።

ካድሬው እልልታው እስኪያልቅ ፈገግ ብሎ ጠበቀ።

«ለላም በሽታ ይህን ያህል እልልታ ሰምቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ረግረጉ ለምን ቀረ ጓድ?»

«ጭቃው… መንገዱ ጭቃ ነው።»

«እኛ ጭቃ አንፈራም። ነገ ጠዋት ረግረጉም ይጠናል።»

እልል ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ከሰዓት በኋላ ማን ልጆቹን ሊያስጠነቅቅ ወደ ረግረጉ እንደወረደ አላየሁም፤ እንዳላይ ብዬ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጆቹ በታንኳ እንደሚሸሹ አውቃለሁ። ታንኳ ግን መቅዘፍ ለሚችል ነው፤ ወባ ለጣለው ልጅ ምን ያደርግለታል? አባቴ ዳዊታቸውን ዘርግተው አንዱ ገጽ ላይ ቀሩ። ፈራሁ። ለወንድሜም ለራሴም ፈራሁ። ረግረጉን ለምን እንደዘለልኩት ከታወቀ ወዴት እንደምወሰድ የታወቀ ነው።

በማግሥቱ ጭቃውን እያቦካን ወረድን፤ ካድሬው፣ ሐኪሙ፣ ሚሊሻውና እኔ። ከብቱ ተበትኖ ይግጣል። ሰው ግን የለም፤ እሳት የነደደበት ቦታ እንኳ በጭቃ ተሸፍኗል። ደንገሉ ዳር ጥቁርና ነጭ የሆነችውን ላማችንን አየኋትና ለምርመራ እንደሚሄድ ሰው ጠጋ አልኳት። ግቷን ዳሰስኩት፤ ተሟጥጧል። ጥጃዋ ደግሞ ራቅ ብሎ ካስማ ላይ ታስሯል። የታሰረ ጥጃ አይጠባም። ላሟን ሰው አልቧታል፤ ያውም ዛሬ ጠዋት።

ወንድሜ አልሸሸም፤ አብሮት የቀረ ልጅም አለ ማለት ነው። እዚሁ፣ ብጠራው በሚሰማኝ ቦታ ላይ ነው። ወደ ደንገሉ ላለማየት አንገቴን ገተርኩ።

ሚሊሻው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ግቷን አየ፣ ጥጃውን አየ፣ ገመዱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ለፎገራ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

«ምን አገኛችሁ?» አለ ካድሬው፣ ከወዲያ እግሩን ከጭቃው እየነቀለ።

ሚሊሻው ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታው። ጥጃው ሮጦ እናቱ ሥር ገባ፤ ባዶውን ግት በግንባሩ እየጎሸመ መጥባት ጀመረ።

«ከብት ነው ጓድ» አለ ሚሊሻው። «ይኸው ጥጃው ይጠባል።»

«ጠባቂ የለውም?»

«የፎገራ ከብት ብቻውን ውሎ ብቻውን ይገባል።»

እንዲህ ያለ ነጭ ውሸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ካድሬው ደንገሉን ትኩር ብሎ አየው። ዳር የለውም፤ አንድ ሚሊሻ ይዞ የሚገባበት አይደለም። ይሁን እንጂ ዓይኑን አልነቀለም። ይሄኔ ሐኪሙ መሣሪያውን ከቦርሳው እያወጣ «ጓድ፣ የዚችን ላም ቀንድ ይያዙልኝ፤ ደም ልውሰድ» አለው። ካድሬው የላማችንን ቀንድ አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ያ ሐኪም ምን ያህል እንደገባው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት።

ስንመለስ አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው አሉ። ሰዎቹ አልፈው እስኪሄዱ ጠበቁ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«የተያዘ ሰው የለም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። አልተያዘም ማለት በሕይወት አለ ማለት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ላማችንን አየኋት አባዬ። ታልባለች። ጥጃው እንደታሰረ ነው ያገኘሁት።»

በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ጾም ሲያስጾሙ የኖሩ ቄስ፣ በጾመ ነቢያት፣ መንገደኛው ሁሉ እያያቸው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጠጥቷል እንግዲያ» አሉ። «ልጄ ጠጥቷል።»