ክትትል ላይ ናት

ጊንጪ ተቀጥሬ በምሠራበት የጫማ ሱቅ ውስጥ፣ እናቶች ለልጆቻቸው ጫማ ሲለኩ ማሰሪያውን ሲያላቅቁት የሚወጣ ድምፅ አለ፤ እርስ በርሱ የሚጣበቀው ጨርቅ ሲለያይ፣ አዲስ አቡጀዲ እንደሚቀደድ፣ ቅርርር ይላል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ካርቶን አስቀምጬ ለአፍታ እቆማለሁ፤ ባለሱቁ «ምን ነካህ?» ሲለኝ «ምንም» እላለሁ። አምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ባለው ቤታችን፣ በልጅነቴ ጠዋት ጠዋት የምነቃው በዚያ ድምፅ ነበር። እናቴ የእህቴን ቀበቶዎች ስታስርላት ነው።

እህቴ ሌንሴ በሁለት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ስትወለድ ምጡ ጠንቶ ቶሎ እንዳላለቀሰች ሃርሜ ትነግረን ነበር፤ እናታችንን በኦሮምኛው ሃርሜ ነበር የምንላት። ሌንሴ የምትራመደው በእግር ጣቶቿ ጫፍ ሆና፣ ጉልበቶቿን እያጋጨች፣ ቀኝ እግሯን ወደ ውስጥ አዙራ እየጎተተች ነበር፤ ስለዚህ ጫማዋ ሁልጊዜ የሚያልቀው ከፊት ነው፣ ተረከዙ አዲስ እንደሆነ ይቀራል። ምላሷ ግን ፈጣን ነበር። የሰፈር ልጆች አካሄዷን እየኮረጁ ሲከተሏት ዞር ብላ «አንተ ጉልበትህን በደንብ አላጠፍክም፣ እንደገና ሞክር» ትላቸው ነበር፤ ያፍሩና ይበተናሉ። አባታችን ጋሪ ነጂ ስለነበር ትምህርት ቤት የሚያደርሰን እሱ ነው፤ ፈረሳችን ዳማ እሷ እስክትወጣ ድረስ ማንም ሳያዘው ቀጥ ብሎ ይቆምላት ነበር።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምት ፀሐይ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት መጣ። ዶክተር ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዶክተር አልነው። ጤና ጣቢያው እንደ ሌንሴ መራመድ የሚያስቸግራቸው ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች ጠቁሞት፣ እኛ ቤት ገብቶ ተቀመጠና ከቦርሳው የክብሪት ቀፎ የሚያክሉ ሦስት ነጭ ነገሮች አወጣ። አንዷ ወገብ ላይ፣ ሁለቱ ቁርጭምጭሚት ላይ በቀበቶ የሚታሰሩ ነበሩ። «ይቺ ሴንሰር ትባላለች፤ ሌንሴ ስትራመድ፣ ስትቆም፣ ስትወድቅ ታውቃለች፤ እኛ ደግሞ በኮምፒውተር እናየዋለን። እንግዲህ አዴ በቀለች፣ ለሌንሴ ክትትል እናደርግላታለን ማለት ነው» አላት ሃርሜን። አባቴ እንዲገባው በኦሮምኛም «ሆርዶፊ» ብሎ ደገመለት፤ ትርጉሙ በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው።

በእኛ ሰፈር ነፍሰ ጡር ክትትል አላት፣ ስኳር ያለበት ሰው ክትትል ላይ ነው። ክትትል ያለው ሰው ሐኪም ያየዋል፣ መድኃኒቱን ይቀይርለታል፣ ከባሰበትም ያስተኛዋል። ስለ ጥናትም አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፤ ሃርሜ የሰማችው ግን ይህንን ነው። እንባዋ መጥቶ እጁን ልትስም ስትል ወጣቱ ደንግጦ ሸሸ።

«ዶክተርዬ፣ ልጄን ያየልኝ ሰው አልነበረም» አለችው።

«አሁን እናያታለን» አላት።

ዋሸ አልልም። አዩዋት።

በጋውን ሙሉ ሌንሴ ሌላ ሰው ሆነች። ዶክተሩ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በየደቂቃው የሚያያት ስለመሰላት፣ ፀጉሯን ሳታበጥር ከአልጋ ወርዳ አትራመድም ነበር። ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ስትሄድ ወደ ወገቧ ጎንበስ ብላ «ዶክተር፣ አሁን ፊትህን አዙር» ትል ነበር፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ድንጋይ አደናቅፏት ስትወድቅም እንደ በፊቱ አታለቅስም፤ አቧራዋን እያራገፈች «ምንም አልሆንኩም ዶክተር፣ እነሳለሁ» ብላ ትነሳ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በእግሬ ልሂድ ብላ ከጋሪው ወረደች። አባቴ ዳማን በልጓሙ ይዞ ከጎኗ እየተራመደ፣ «ጀባዱ፣ ኢንታላ ኮ»፣ በርቺ ልጄ እያለ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ሄደች። ላብ በላብ ሆና «ዛሬ ደስ ይለዋል» አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

መብራት ሲጠፋ፣ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው፣ አባቴ ሴንሰሮቹን በመሀረብ ጠቅልሎ ጄኔሬተር ወዳለው ሆቴል ይወስድና ቻርጅ እስኪሞሉ በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። የጋሪ ጓደኞቹ «ኦቦ ገመቹ፣ ለዳማም ቻርጅ አድርግለት እንጂ» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱ አይቆጣም። «የልጄ ክትትል እንዳይቋረጥ ነው» ይላቸው ነበር።

የካቲት ላይ የሃርሜ ጓደኛ ከጉደር መጣች። ጉደር ላይ ሐኪሞች መጥተው እግራቸው የታጠፈባቸውን ልጆች እያዩ፣ እግር የሚያቀና ድጋፍ እየለኩ በነፃ እንደሚሰጡ፣ የጠናባቸውንም ለቀዶ ሕክምና እንደሚወስዱ ነግራት «ነገውኑ ይዘሻት ነይ» አለቻት። ሃርሜ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሐኪም እንዳላት እናት ትንሽ ኮራ ብላ፣ «አይ፣ የኔዋ ክትትል ላይ ናት። ሳላስፈቅደው ሌላ ሐኪም እጅ ብሰጣት ዶክተሩ ይቀየመኛል» አለች። ጓደኛዋ «ለመሆኑ ምን ሰጣት?» ስትላት «ገና እያያት ነው» ብላ መለሰች።

በልጉ ሲገባ የሌንሴ ቁመት ሽቅብ ተመዘዘ፤ እግሯ ግን አብሯት አልተዘረጋም፣ ጉልበቷ እንደታጠፈ ቀረ። ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመድረስ ግድግዳ መያዝ ጀመረች፤ ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ደግማ ትወድቃለች። ሴንሰሮቹን ለማየት በየወሩ ብቅ ይል የነበረው ዶክተር ቀረ። እሷ «እያየኝ ነው፣ ይመጣል» ትል ነበር። በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትዎርክም ጠፍቶ ነበርና አባቴ «ጎማ እየነደደ በየት በኩል ይምጣ?» እያለ ይከራከርለት ነበር።

ሰኔ ላይ መንገዱ ተከፍቶ መጣ። ሌንሴ ፀጉሯን አስበጥራ ወንበር ላይ ሆና ጠበቀችው። ሰላም አላትና ተንበርክኮ ቀበቶዎቹን ፈታቸው፤ ቅርርር፣ ቅርርር፣ ቅርርር። ከዚያ ሴንሰሮቹን በሳጥናቸው ውስጥ በየቦታቸው አስተኛቸው።

«እህስ ዶክተርዬ፣ አሁን ሕክምናዋ ሊጀመር ነው?» አለች ሃርሜ።

ቀና አለ። «የቱ ሕክምና?»

«እንዴ፣ ክትትል ላይ አይደለችም እንዴ!»

«ክትትሉማ አለቀ እኮ፣ አዴ በቀለች። እኛ የተከታተልነው አካሄዷን ነው። ለጥናት እንደሆነ ያኔ ነግሬያችኋለሁ።»

አባቴ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። «መውደቋን አላያችሁም?» አለው።

«አይተናል ኦቦ ገመቹ። ሁሉም ተመዝግቧል። እየባሰባት መምጣቱ በጣም ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ወደፊት ለሌሎች ልጆች ይጠቅማል።»

ወገቧ ላይ ሆኖ ሲያያት አንተ እያለች ስታጫውተው የኖረችው ሌንሴ፣ ፊት ለፊቷ ሲሆን አንቱ አለችው።

«አይተው ነው ዝም ያሉት?»

ዶክተሩ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንዲልኳት ለጤና ጣቢያው እነግራለሁ አለ፤ ሳጥኑን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም። በማግሥቱ አባቴ ዳማን ጠምዶ ጉደር ወሰዳት። እነዚያ ሐኪሞች ከሄዱ ቆይተዋል። ድጋፍ የተሰጣት አንዲት ልጅ ግን በመንገዱ ዳር፣ ቀስ እያለች፣ በሙሉ እግሯ እየረገጠች ስትሄድ አይተዋል። ሌንሴ ከጋሪው ላይ ሆና እስክትርቅ ድረስ አየቻት አለኝ አባቴ።

ክረምቱን ሌንሴ መራመድ ተወች። ሃርሜ «ተነሺ ልጄ፣ እስከ በሩ ብቻ» ስትላት «ማን ሊያየኝ?» ትል ነበር። «እኔ አለሁልሽ» ትላታለች ሃርሜ። ሌንሴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ተኝታ በመዋሏ የነሐሴ ብርድ ደረቷ ላይ ወረደ፤ ሳንባ ምች ነው አሉን፤ ሆስፒታል ወስደናት በዚያው ቀረች። በቀብሯ ቀን ዳማ ጋሪው ላይ እንደተጠመደ በራችን ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አባቴ ቢጎትተው፣ ቢገፋው፣ ለረጅም ጊዜ አልንቀሳቀስ አለ።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ያን ጥናት የሠራውን ቢሮ አፈላልጌ አገኘሁት። ልከስ አልነበረም። የድልድዩን ቀን ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ አካሄዷ እዚያ ካለ፣ መስመርም ይሁን ቁጥር፣ ለሃርሜ ይዤላት ልሂድ ብዬ። ያነጋገረችኝ ልጅ ትሁት ነበረች። «ስም አንይዝም፤ ለልጆቹ ጥበቃ ሲባል ስማቸው ከመዝገቡ ይሰረዛል። እህትህ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ አንችልም» አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። እኛ ቤት የቀረው ጫማዋ ነው፤ ፊቱ ያለቀ፣ ተረከዙ አዲስ።

አሁን በሱቃችን እናቶች ለትንንሽ ልጆቻቸው አዲስ ጫማ አስረው «በል እስቲ ተራመድ» ይሏቸዋል። ልጁ ጫማው እየከበደው ወደ በሩ ሲንገዳገድ፣ እናቱ እጇን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሳትነካው ከኋላው ትሄዳለች፤ ሊወድቅ ሲል ግን ከመሬት በፊት የእሷ እጅ ይደርሳል። እኔ ካርቶኑን እንደያዝኩ አያቸዋለሁ። ያኔ እኛ ቤት፣ ክትትል ሲሉን፣ የመሰለን ይህ ነበር።