ልጄ የቀለባት ኳስ

ልጄ ኳሷን ቀልቧታል። ሣሩን ከመንካቷ በፊት ጣቶቹን ከሥሯ አስገብቶ ይዟታል። ያን ዕለት ከሜዳው ጠርዝ በታጣፊ ወንበር ተቀምጬ ስለነበር፣ ከእኔ ይበልጥ በቅርብ ያየ ሰው አልነበረም። የእናት ምስክርነት እንደማይቆጠር አውቃለሁ። ቢሆንም ያየሁትን እጽፋለሁ።

ጨዋታው ክሪኬት ይባላል። የእኛ ሰው ሲያየው “የሕንዶች ገና” ይለዋል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታታል። የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ከሜዳ ይወጣል። ሌላ ብዙ ሕግ አለው፤ እኔ የገባኝና እዚህ የሚያስፈልገው ግን ይኸው ነው።

ልጄ የተማረው ናይሮቢ ነው። የአሜሪካ ጉዳያችን እስኪያልቅ ስንጠብቅ እኔ አንድ የሕንድ ቤተሰብ ዘንድ ልብስ እሰፋ ነበር፤ እሱም ከልጆቻቸው ጋር ግቢው ውስጥ ይጫወት ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ ጎልማሳ ሆኗል። ክሪስታል ሲቲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ እኔም እዚያው አቅራቢያ የሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከበሩ ሳይገባ፣ “እማ፣ እዚህም ይጫወቱታል!” አለኝ። አባቱ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ቡድኑን የመሠረቱት የታክሲ ሾፌሮች ናቸው። ይህን የነገሩኝ ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ጉያና ከምትባል አገር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። እርጅና ከመጫወት አግዷቸው ዳኛ ሆነው ነበር። ልጄ “አንክል” ይላቸዋል። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ብቻቸውን ይኖሩ ስለነበር ልጄ ከጨዋታ በኋላ ወደ ቤታችን ያመጣቸዋል፤ ምግብ ቀርቦ ሻይ እስኪጠጣ የቡድኑን ታሪክ ያወራሉ። መጀመሪያ ሜዳ አልነበራቸውም። የቤዝቦል ተጫዋቾች ከእንቅልፍ ሳይነሡ ሜዳቸውን ይይዙ ነበር። ኳሷ የምትነጥርበትን ረጅም ምንጣፍ ጠቅልለው ታክሲ ላይ ጭነው ሲሄዱ ፖሊስ አስቁሟቸው፣ “ምንድን ነው የጠቀለላችሁት?” ቢላቸው፣ “ሜዳችንን” አሉት። ይህን ሲናገሩ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቃሉ።

ኋላ የሜሪላንዱና የቨርጂኒያው ሰው ተጣላ። አለቃ ማን ይሁን ነው ነገሩ። ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ለዓመታትም ሰላምታ አልነበራቸውም። በመጨረሻ ሽማግሌው አስታረቋቸው። ሁለቱን ክፍለ ሀገሮች ከሚለየው ወንዝ ወዲህና ወዲያ ካሉት ክለቦች ጥሩ ጥሩው ተመርጦ፣ የአካባቢውን ስም በጀርባው ለብሶ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ቡድን ጋር የሚጋጠም አንድ ቡድን እንዲሆን ተስማሙ። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ፍሎሪዳ ነበር። ልጄ ያን ማልያ ፈለገ። ቤት ሲገባም ሲወጣም ወሬው ፍሎሪዳ ሆነ። እኔ ፍሎሪዳ ምን እንዳለ አላውቅም፤ እሱ ግን የሆነ ነገር አጥብቆ ሲፈልግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ይቀልዱብኝ ነበር። አንዷ የኅብረት ጓደኛዬ በር ላይ ጠብቃ፣ “እኔ እምልሽ፣ ልጅሽ እሁድ እሁድ ነጭ በነጭ ለብሶ ወዴት ነው የሚሄደው? እኛማ ሊጠመቅ መስሎን አጨብጭበን ነበር” አለችኝ። ሳቅሁላት። የክሪኬቱን ነጭ ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ፤ የሣር እድፍ እንዴት እንደሚያስቸግር እሷ አታውቅም።

አሁን ስለ አንዲት ድምፅ መናገር አለብኝ። እኛ “አዎ” ለማለት ሁልጊዜ ቃል አናወጣም። ቅንድባችንን ከፍ አድርገን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ አበቃ፣ አዎ ብለናል። የሌላ አገር ሰው ግን ይህን ሲሰማ የደነገጥን ይመስለዋል። ሆቴል ውስጥ አለቃዬ “ክፍሉ አለቀ?” ስትለኝ ትንፋሼን ሳብ ሳደርግ፣ ምን አየች ብላ እየሮጠች የገባችበት ቀን አለ። ሽማግሌውም መጀመሪያ ቤታችን የመጡ ዕለት፣ “ይህን ወጥ ራስሽ ነሽ የሠራሽው?” ብለው ጠየቁኝ። ሳብ አደረግሁ። ሹካቸውን ጣሉና፣ “ምን ሆንሽ? ታመምሽ?” ብለው ተነሡ።

ልጄ በሳቅ ፈርሶ፣ “አንክል፣ አዎ ማለቷ ነው” አላቸው።

“ይህ አዎ ነው?”

“አዎ ነው። ከአዎም በላይ ነው።”

ከዚያ ወዲህ ሻይ ልጨምር ስላቸው ቅንድባቸውን ሰቅለው እስኪያስላቸው ድረስ አየር ይስባሉ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቅ ነበር።

የመምረጫው ግጥሚያ አሌክሳንድሪያ አጠገብ ባለ ሜዳ ተደረገ። የሜሪላንዱ ወገን ከቨርጂኒያው ወገን ጋር ተጫውቶ፣ ከሁለቱም ደህና ደህናው ሊመረጥ ነው። መራጩ አዲሱ አምበል ነው፤ ከሕንድ የመጣ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ኢንጂነር። ዳኛው ሽማግሌው ናቸው። ልጄ በደንብ ተጫወተ። ማታ ላይ ቨርጂኒያዎች ለማሸነፍ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የቀረው ጎበዝ መቺያቸው ኳሷን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ አቅጣጫ ላካት። ልጄ ከሩቅ ሮጦ መጣ፤ በደረቱ ተንሸራቶም ቀለባት። አየኋት፤ በጣቶቹ ላይ ነበረች።

ጓደኞቹ ጮኹ። ሽማግሌው ግን ቆሙ። ወርዋሪው በመሐል ስለነበር አላዩም። ዳኛ ካላየ የቀለበውን ሰው ይጠይቃል፤ በነሱ ዘንድ የሰውየው ቃል ይታመናል። ልማዳቸው ነው። ወደ ልጄ ጠጋ ብለው፣ “በትክክል ይዘሃታል?” አሉት።

ልጄ ተንበርክኮ ያለከልካል። ደስታው ፊቱን ሞልቶታል። ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

ሽማግሌው አዩት። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና መቺው አልወጣም ብለው ፈረዱ።

“ምን አለ? አልያዝኳትም አለ?” አምበሉ ከመሐል ሜዳ ጮኸ።

“እርግጠኛ አይደለም” አሉ ሽማግሌው።

ልጄ ብድግ አለ። “ዬስ! ዬስ ነው ያልኩት! ይዣታለሁ!”

መቺው በእንጨቱ ተደግፎ፣ “አሁን ነው ትዝ ያለህ? ቅድም እንደ ዓሣ አፍህን ከፍተህ ነበር እኮ” አለው። የቨርጂኒያ ሰዎች ሳቁ። ልጄ ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሳቸው ተፈርዷል ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። መቺውም ቀጥሎ ጨዋታውን አሸነፈላቸው።

መኪና ማቆሚያው ጋ አምበሉ ልጄን ለብቻው አላናገረውም፤ እኔ እየሰማሁ፣ “ሲጠየቅ መልስ የሌለውን ሰው ይዤ ፍሎሪዳ አልሄድም። መጀመሪያ እርግጠኛ ሳይሆን ኋላ ቃሉን የሚለውጠውንማ ጭራሽ” አለው። ልጄ ጫማውን ያወልቅ ነበር። ቀና አላለም። ሽማግሌውን ወደ ቤታቸው ያደረስናቸው እኛ ነን። 

ቡድኑ ፍሎሪዳ ሲሄድ ወደ ኤርፖርት የሚወስዳቸው ሰው ፈለጉ። ልጄ ቫን መንዳት ይችል ስለነበር ኮል አደረጉለት። ሄደ። ሻንጣቸውን አውርዶላቸው ተመለሰ፤ ቤት ገብቶም የቀረበለትን በላ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ለተጠባባቂነት ይጠሩታል፣ ውኃ ያቀብላል፣ ምንጣፍ ይጠቀልላል። ስሙን ትተው፣ ዓሣ ለማለት፣ “ፊሽ” ይሉት ነበር። አዲስ የሚመጡት ልጆች ምክንያቱን ሳያውቁ “ፊሽ” አሉት። ማልያውን አንድም ቀን አልለበሰም።

ቤት ውስጥ የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ትንፋሽ መሳቡን ተወ። እራት ልስጥህ ስለው፣ “ዬስ” ይለኛል፤ ጠበቅ አድርጎ፣ በር እንደሚዘጋ ሰው። ስልክ ሲያወራም፣ ከእኔ ጋርም፣ ሲጸልይም ያው ነው። አንድ ጊዜ እኔ ስስብ ሰምቶ፣ “እማ፣ አንቺም ብትተዪው ይሻላል” አለኝ። ክፉ አልተናገረም፤ ምክር ነበር።

ዓመታት አልፈው፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ቡድኑ የምሥረታውን በዓል አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አዳራሽ አከበረ። ልጄ ሱፍ ለብሶ፣ እኔንም አልብሶ ወሰደኝ። ሽማግሌው በጣም አርጅተዋል፤ መኪና መንዳት ካቆሙ ቆይቷል፤ ቅዳሜና እሁድ ልጄ ነው ከቤታቸው አንሥቶ ጨዋታ የሚያሳያቸው። መድረክ ላይ ወጥተው የቡድኑን ታሪክ ነገሩ። ምንጣፉን፣ ፖሊሱን፣ ጠቡን፣ ዕርቁን። ቀጥለው፣ “ፊሽ የታለ? ተነሣ እንይህ” አሉ። ልጄ ተነሣ። ያን ዕለት የሆነውን ተረኩና ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። አዳራሹ ጮኸ። ጠረጴዛ የመቱም አሉ። ልጄም ሳቀ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

እኔ ግን አስተዋልኩ። ልክ እኛ እንደምናደርገው አድርገው ነው የሳቡት። ቅንድባቸው ሳይቀር።

ሽማግሌው ሲወጡ ልጄ መኪና ሊያመጣ ሄዷል። በር ላይ ካፖርታቸውን እያለበስኳቸው፣ “ያን ቀን ልጄ አዎ ማለቱን ያውቁ ነበር?” አልኳቸው። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ ይህን ግን መቀመጫዬ ላይ ሆኜ አዘጋጅቼው ነበር።

ቁልፉን ለመቆለፍ ከሚታገለው እጃቸው ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። “አውቅ ነበር፣ እህቴ።”

“ታዲያ?”

“ሌሎቹ አያውቁም። ቤቱ የሚበላው ዳኛ በትንፋሽ ፈረደለት ይሉኝ ነበር። ሰዎቹን ካስታረቅኋቸው ገና መንፈቅ አልሞላም ነበር። ቡድኑ ይፈርስ ነበር።”

“ልጄስ?”

“አንድ ኳስ እኮ ናት” አለኝ። “ደግሞ ጥሩ ልጅ ነው፤ ቂም አልያዘም።”

ከዚያ ወዲያ በልቤም አንቱ ማለቱ ቀረ። የካፖርቱን ቁልፎች እስከ ላይ ቆለፍኩለትና ክንዱን ይዤ ወደ መኪናው ወሰድኩት።

እሱን አድርሰን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ለልጄ ነገርኩት። ያለኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ግን ይቀለዋል ብዬ ነበር። 

“ለምን ነገርሽኝ?” አለኝ።

“እውነቱን እንድታውቅ ነዋ። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።”

“እኔ እኮ የኔ ነው ብዬ ጨርሼው ነበር፣ እማ። በደንብ አልመለስኩም፣ የኔ ስህተት ነው፣ በቃ። ከዚያ ሄጄ አብሬያቸው መጫወት ቻልኩ። አሁን በምን ልብ ልሂድ?”

 ቤት ስንደርስ መኪናውን አቁሞ እስክወርድ ጠበቀኝ፤ እሱ ግን አልወረደም።

ያን ሳምንት አላናገረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ነጩን ልብስ ከማድረቂያው ራሱ አውጥቶ ወሰደ። ወዴት ነው አላልኩትም። እንደወትሮው አሌክሳንድሪያ ሄዶ ሽማግሌውን ከቤቱ አንሥቶ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጦ ሜዳ እንደወሰደው ከሌላ ሰው ሰማሁ።