ሳልጠይቀው ጠበል ያስጠመቅሁት ወንድሜ

ቡሬ ካምፓስ የምትማረው የልጅ ልጄ ዛሬ ስለ አንድ የቆየ ልብ ወለድ አጫወተችኝ።

«ሰውየው በፍቅር ያበደው በሴትዮዋ አይደለም፤ በልጅነቱ የሞተችበትን እናቱን በእርሷ ውስጥ ሲፈልግ ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንዲህ ይፈቱታል፤ እንደ እርስዎ የመጽሐፍ አንድምታ ትርጓሜ ማለት ነው፣ አባባ» አለችኝ።

አርባ ዘመን መጽሐፍ ስተረጉም የኖርሁት ሰውዬ በልብ ወለድ ተረታሁ።

ታናሽ ወንድሜ ባል ባላት ሴት ፍቅር እህል ውኃ ሲጠላ፣ ርኩስ መንፈስ ነው ብዬ ሱባዔ አስገብቼ ጠበል አስጠምቄዋለሁ። ጠበሉን አላማም። ግን እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ስለ እርሷ አንሥቼለት አላውቅም።

ፍኖተ ሰላም ላለው ወንድሜ ደውዬ፣ ስለ እናታችን ስላላነሣሁለት ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ መልኳ ምን ይመስል ነበር?» አለኝ።

ልመልስለት ስል እኔም ዘንግቼዋለሁ።

እናንተስ፣ ሕመሙን ሳትጠይቁ መድኃኒት ያዘዛችሁለት ሰው አለ?