የሚሳመው ሥዕል

ከዊንጌት ወደ ላይ ሲወጣ ባለችው ደብራችን፣ በሴቶች መግቢያ በኩል ለብዙ ዘመን የተሰቀለ የእመቤታችን ሥዕል ነበር። ልጇን ታቅፋ፣ መላእክት ከግራና ከቀኝ ቆመው። የላይኛው ደህና ነው። ከጉልበቷ በታች ግን ቀለሙ አልቆ ሸራው ብቻ ቀርቷል። ማንም አላበላሸውም፤ ሰው ስሞት ስሞት ነው ያለቀው። ከንፈር አለ፣ እጅ አለ፣ ቅብዓ ቅዱስ የነካው ግንባር አለ።

ሰበካ ጉባኤው ሥዕሉ ይለወጥ ሲል፣ ሰብሳቢው በማተሚያ የታተመ ትልቅ ሥዕል ይገዛ አሉ። እኔም ከሴቶች ወገን ተነሥቼ "እኔ ልሣለው" አልኩ። ለሰዎች የጸሎት ቤት እሥላለሁ እንጂ ለቤተ ክርስቲያን አንድም ሥዬ አላውቅም ነበር። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥቂት አዩኝና፣

"መልካም። ለመስከረሙ ንግሥ ካደረስሽ እናየዋለን። ካልሆነ የታተመው ይሰቀላል" አሉኝ።

ከደብረ ታቦር ወጥቼ ጉለሌ ከገባሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። እዚህ ዘመድ የለኝም፤ ሰው የሚያውቀኝ በዚህችው ደብር ነው። ሥዕሌ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲውል የተመኘሁትን ያህል ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።

ቀለም ከመንካቴ በፊት፣ ሰንበት ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰው እንዴት እንደሚሳለም አየሁ። ትልልቆቹ ጎንበስ ብለው የቀሚሷን ጫፍ ይስማሉ፤ ሕፃናቱን እናቶቻቸው ብድግ አድርገው ጉልበቷ ጋ ያደርሷቸዋል። ከዚያ በላይ የሚደርስ የለም። ፊቷን ሁሉም ቀና ብሎ ነው የሚያየው። በሰርክ ጸሎት ሰዓት ደግሞ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ እዚያው ፊቷ ላይ ታርፋለች።

አክሪሊክ ቀለም በውሃ ብቻ አይበጠበጥም። ሚዲየም የሚሉት ወተት የመሰለ ነገር ይገባበታል፤ ሲደርቅ ወተትነቱ ይጠፋል። ዓይነቱ ሁለት ነው። ግሎስ የሚሉት ቀለሙን ጥልቅ አድርጎ ያብረቀርቀዋል፤ እድፍ ቢነካው በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ግን ብርሃን ሲመታው መልሶ ዓይን ውስጥ ይረጨዋል፤ የተቀባው ፊት ላይ ከሆነ ፊቱ ይጠፋል። ማት የሚሉት የማያብረቀርቀው ደግሞ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ከየትም ቢያዩት ይታያል። እሱ ግን የእጅ ወዝ ይይዛል፤ ሲያሹት ይብስበታል። ስለዚህ ከጉልበቷ በላይ ማት፣ ከጉልበቷ በታች ግሎስ ብዬ ወሰንኩ።

ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ብሩሽ አላነሣም። ነሐሴ ላይ የእንጦጦ ብርድ እቤቴ ድረስ ወርዶ ቀለሙ አልደርቅ አለኝ። እኔም ጥንቃቄ ያደረግኩ መስሎኝ ማቱን በጥቁር ሰማያዊው መጎናጸፊያዋ ላይ ደራረብኩት። በነጋታው ሳየው አመድ የተነፋበት መስሏል።

ሰብሳቢው ሊያዩ የመጡት በዚያው ቀን ሆነ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ገና ስቱኮ ላይ ነው እንዴ? ቀለሙ መቼ ይቀባል?"

"ተቀብቷል ጋሼ።"

"እኔ እንዲህ አድርጌ መኪና ባስረክብ፣ ባለቤቱ በዚያው መኪና ይገጨኝ ነበር።"

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም ሩቅ አልነበረም። "ፊቷ እንዳያብረቀርቅ ብዬ ነው። ሰርክ ላይ ከሴቶች ቦታ ሆነው አይተዋት ያውቃሉ?"

"እኔ በሴቶች በኩል ምን ልሠራ እቆማለሁ?"

"እንግዲያው እኛ የምናየውን አላዩም።"

እሳቸውም መጎናጸፊያውን በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ አደረጉና "አወፈርሽው" አሉኝ። "ስስ፣ ስስ እያደረግሽ ነው። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትድፊበት። ቤቱንም ሞቅ አድርጊው። በዚህ በኩል መኪናም ሥዕልም ያው ነው።"

እንዳሉኝ አደረግኩ። መጎናጸፊያውን በሙሉ ግሎስ በስሱ መለስኩበት፤ ሲደርቅ ሰማያዊው ከአመዱ ሥር ብቅ አለ። ከዚያ ከጉልበቷ በላይ ማቱን አንዴ ብቻ፣ ብሩሹን ጨምቄ አሳለፍኩበት። ሁለቱ የሚገናኙበትን ወሰን የጨርቁ እጥፋት ላይ ጣልኩት። ጨርቅ ሲታጠፍ አንዱ ጎኑ ስለሚያበራ ማንም ልዩነቱን አይጠይቅም። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላሳየኝም።

ንግሡ ሊደርስ ሲል፣ በሰርክ ሰዓት፣ ሁለቱንም ሥዕሎች ወስደን ሞከርናቸው። መጀመሪያ ለማንኛውም ተብሎ የተገዛው የታተመ ሥዕል ተዘርግቶ ግድግዳው ላይ ተያዘ። ያማረ ነበር፤ ፀሐይዋ ስትደርስበት ግን ከአንገት በላይ ነጭ ሆነ። ከዚያ የኔ ተሰቀለ። ሰብሳቢው ጫማቸውን አውልቀው ሴቶች የሚቆሙበት ድረስ ሄዱ፤ ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ተቀመጡም።

በመካከሉ አንዲት እማሆይ ለጸሎት ገቡ። ጎንበስ ብለው ጫፉን ሳሙ፣ ግንባራቸውን አስነኩ። ሲነሡ ቅብዓ ቅዱሱ ቀለሙ ላይ ወዝቶ ቀረ። ሰብሳቢው መሐረባቸውን በውሃ አርሰው ጠረጉት፤ ምንም አልቀረም። ይሄኔ ወደ እማሆይ ዞረው፣

"እንዴት ነው እማሆይ?" አሉ።

"ምኑ?"

"ሥዕሉ ነዋ።"

እማሆይ ቀና ብለው ፊቷን አዩና ወደ ሰብሳቢው ተመለሱ። "እመቤቴ ናት። ምኑ ይጠየቃል?"

ሰብሳቢው መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "የታተመውን ወደ አዳራሹ ውሰዱት" አሉ። ለኔም "ሚስማሩን አጥብቂው፤ ይሄ ብዙ ሰው ነው የሚደገፈው" ብለውኝ ወጡ።

የንግሡ ዕለት ቅዳሴውን ያስቀደስኩት እዚያው በሩ አጠገብ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሐሳቤ ሁሉ ሰዉ ላይ ነበር። ጎንበስ ይላሉ፣ ይስማሉ፣ ቀና ሲሉ ፊቷን ያገኙታል። ማን እንደሣለው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ፣ በእጄ ሥራ የኮራሁትን ኩራት ለንስሐ አባቴ እንደምናገር አውቄ፣ ኮራሁ።